ከላይ የበሳሁት ጀሪካን

በዚህ አገር መመሪያን የሚገድለው ጉቦ ነው ይባላል። አይደለም። ጉቦ የሚበላ ሰው መመሪያው በሕይወት እንዲኖር ይፈልጋል፤ መመሪያው ከሞተ እሱ ምን ይበላል? መመሪያን የሚገድለው ደግነት ነው። «ለአንተ ብዬ ነው»፣ «አይዞህ፣ ማንም አያይም»፣ «አንድ ብትሆን ምን አለበት» የሚሉ፣ አንጀታቸው የማይችል ሰዎች ናቸው ቀስ አድርገው የሚቀብሩት። ይህን የምለው ነገር ለማጣመም አይደለም። ያ ልማድ እንዳለብኝ ወዳጅም ጠላትም ያውቃል፤ ዛሬ ግን ለክርክር አልተቀመጥኩም። እኔ ራሴ ከእነዚያ ደጎች አንዱ ነበርኩ።

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ነበር። የተወለድኩበት ከተማ ነው። ሰው የተወለደበትን ከተማ ሲያወድስ ስለምጠራጠር ስለ ውበቱ አላወራም። ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፤ ከሰማይ የሚወርድ አይመስልም፣ አየሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቅና ሰው ከቤቱ ሲወጣ ያለብሰዋል። ገበያው ዳር ካለ ሱቅ ኮረሪማ ገዛሁ። ያን ሰሞን የሰዉ ወሬ ሁሉ የፌስታል ክልከላው ነበር። ባለሱቁ ወጣት ነው፤ አባቱን አውቀዋለሁ።

«ፌስታል ተከለከለ አይደል?» አልኩት።

«ተከልክሏል ጋሼ፣ ቅጣትም አለው» አለና ግራና ቀኝ አይቶ ከመሳቢያው ሥር ጥቁር ፌስታል መዘዘ። «ለእርስዎ ግን እንዴት ብዬ! በዚህ ዝናብ በእጅዎ ይዘውት ሊሄዱ ነው?»

ፊቱን አየሁት። ስስት የለበትም፣ ተንኮል የለበትም፤ ጥሩ፣ ሩኅሩኅ ፊት ነው። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እኔ ነበርኩ ለብሼው የምዞረው። ፌስታሉን አልፈልግም ብዬ ኮረሪማውን ኮቴ ኪስ ውስጥ ሞጅሬ ወጣሁ። ልጁ እንደተቀየመኝ ከጀርባዬ ታወቀኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤት እጠብቅ ነበር። ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ቤት ውስጥ እንደ ሕመምተኛ ነው፤ ሁሉም በእርጋታ ያናግረዋል፣ ማንም ሥራ አያዘውም። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ቁጭ ብሎ የሚበላ ጤነኛ ሰው ማየት አይወድም። ሱሪ ለሚሰፋለት አንድ ጸሐፊ ነግሮ፣ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ትልቅ የቡና እርሻ ውስጥ የመጋዘን ረዳት አድርጎ አስቀጠረኝ። የእርሻውን ስም አልጠራም። ዛሬ ስሙም ባለቤቱም ሌላ ነው፤ ጥፋቱም የእርሻው አልነበረም።

በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ሰኔ ነበር። መንገዱ ቀይ ጭቃ ስለሆነ መኪናው ወደፊት ከሚሄደው ወደ ጎን የሚሄደው ይበልጣል። በግራና በቀኝ ጫካ፣ ከጫካው ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ አረም። ስለዚያ አገር የሚጽፉ ሰዎች ጫካውንና ቡናውን አይተው አረሙን ይዘሉታል። እኔ የተቀጠርኩት ግን በአረሙ ምክንያት ነው። በዝናብ ወራት አረሙ በሁለት ሳምንት ጉልበት ይደርሳል፤ እርሻው በመድኃኒት ያቃጥለው ነበር። መድኃኒቱ በነጭ የሃያ ሊትር ጀሪካን፣ ሰማያዊ ክዳን ተገጥሞለት ይመጣል። ባዶውን ጀሪካን ማስወገድ የኔ ሥራ ሆነ።

አለቃዬ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ተክሉ ነበር። ሃምሳውን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ሲስቅ አይቼው የማላውቅ ሰው። የመጋዘኑ በር ላይ አንድ መመሪያ ተለጥፎ ነበር፤ «ማንኛውም ባዶ የመድኃኒት ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦና ተበስቶ ይቀበራል» ይላል። እርሻው ውስጥ ይህን ወረቀት ያነበብነው ሁለታችን ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ያመነበት ግን አንዳችን ብቻ ነበር። ከኮቱ ኪስ ትልልቅ ምስማር ስለማይጠፋ ሠራተኛው «ጋሽ ምስማር» ይለዋል።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጀሪካን አቀበለኝና «ገልብጠው» አለኝ። ገለበጥኩት። ምስማሩን ቂጡ ላይ አቁሞ በመዶሻ አራት ቦታ በሳው።

«እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ከታች።»

«ለምን ከታች?»

«ከታች የተበሳ ዕቃ ውኃ አይዝም። ውኃ የማይዝ ዕቃ ደግሞ ማንም አይለምንህም።»

መለመኑን ያወቅሁት በሳምንቱ ነው። ያን ጊዜ በዚያ አገር ጀሪካን ማለት ምን እንደነበር ዛሬ ቧንቧ ከፍቶ ፊቱን ለሚታጠብ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ውኃው ያለው ገደል ውስጥ ነው፤ ቤቱ ያለው አናት ላይ። በመሃል ያለው ቁልቁለት ደግሞ ሳሙና ነው። ሸክላ ገንቦ ይከብዳል፣ ይሰበራል። ጀሪካን ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣ ተነስቶ ይሄዳል። ማር የሚቆርጥ ማሩን፣ ላምባ የሚሸጥ ላምባውን፣ ቦርዴ የምትጠምቅ ቦርዴዋን የምታስቀምጠው በዚያው ነው። እኛ ደግሞ ከሰው ፊት በየቀኑ ምርጥ ምርጡን ጀሪካን በምስማር እየወጋን ጉድጓድ እንከታለን። ሰዎቹ ቆመው ሲያዩን የነበረው አስተያየት ዳቦ ለሚያቃጥል ሰው የሚሰጥ አስተያየት ነበር።

ከሚያዩን አንዷ ወርቅነሽ ናት።

ወርቅነሽ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ትሠራለች፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ አፈር እየሞላች የቡና ችግኝ ታሰናዳለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። የቤንች ሴት ናት፤ ባሏ ማቴዎስ ቡናው መሃል ይመነጥራል፣ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። አማርኛን ካደገች በኋላ ነው የተማረችው፤ ግን በአማርኛ በሰው መቀለድ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቅበታለች። በምሳ ሰዓት ጥላ ሥር ብቻዬን መጽሐፍ ይዤ አይታኝ አንድ ቀን ትጣራ ጀመር።

«ነይ አንቺ ተማሪ! መጽሐፍ አይበላም፣ ነይ ብዪ!»

እኔን ወንዱን «አንቺ» ስትለኝ ሴቶቹ ሳቁ። ሄጄ ተቀመጥኩ። በኮባ ቅጠል ላይ የተቀቀለ ጎደሬ አለ፣ አጠገቡ ዳጣ። ጎደሬ ብቻውን የዝናብ ጣዕም አለው፤ ማለትም ምንም። ዳጣው ሲነካው ግን አፍ ይነቃል፣ ዓይን ያለቅሳል፣ ሰው የት እንዳለ ያስታውሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳዬ እዚያ ሆነ። ዳጣው አቃጥሎኝ ውኃ ስፈልግ «ማትሪክ የወደቀች ትመስላለች» ትልና ኩባያውን ታቀብለኛለች። እናቴ በልጅነቴ ሞታለች። ይህን የምጽፈው ለማሳዘን አይደለም፤ ወርቅነሽ የጠየቀችኝን ነገር እምቢ ማለት ለምን እንዳቃተኝ እንዲታወቅ ነው።

ሐምሌ ውስጥ አንድ ጠዋት ጎኗ በሙሉ ጭቃ ሆኖ መጣች። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራታ ገንቦዋ ተሰብሯል። እየሳቀች ነው የምታወራው፤ ግን ክንዷን ትይዛለች። ከዚያ ወዲህ ልጆቿ በዘይት ጠርሙስ እየተመላለሱ ውኃ ይቀዱ ጀመር። ትልቋ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ወርቅነሽ ወደ መጋዘኑ መጥታ ጋሽ ተክሉ ፊት ቆመች።

«ጋሽ ተክሉ፣ አንድ ብቻ።»

«አይሆንም። የመርዝ ዕቃ ነው።»

«ምን መርዝ አለው? መድኃኒት አይደል እንዴ የሚባለው?»

«መድኃኒት መሆኑን አረሙን ጠይቂው» አላትና መዶሻውን አነሳ።

በዚህች ቃል ላይ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ሕመምተኛ የሚያድነው መድኃኒት ነው፤ አይጥ የሚገድለው መድኃኒት ነው፤ አረም የሚያቃጥለውም መድኃኒት ነው። ጀሪካኑ ላይ የተሳለውን የራስ ቅል ወርቅነሽ አይታዋለች፤ ግን እያንዳንዱ ሠራተኛ፣ ተቆጣጣሪው፣ በሩ ላይ የተለጠፈው መመሪያ ራሱ «መድኃኒት» እያለ ሲጠራው እየሰማች ነው የኖረችው። ጋሽ ተክሉ ብቻ ነው ከአፉ «መርዝ» ሌላ ቃል የማይወጣው። ይህንንም የክፋቱ ማስረጃ አድርገን እንስቅበት ነበር። «ሽማግሌው ሁሉ ነገር መርዝ ይመስለዋል» እንባባላለን።

ሐሙስ ቀን ጋሽ ተክሉ ለሥራ ቴፒ ሄደ። ምስማሩንና መዶሻውን ትቶልኝ ሄደ። ወርቅነሽ ከምሳ በፊት መጣች። አልለመነችኝም፤ ይህን በግልጽ ማስቀመጥ አለብኝ። ከጎኔ ቁጭ ብላ ስበሳ ታይ ነበር።

«አንቺ ተማሪ፣ ወረቀቱ ምን ይላል?»

አነበብኩላት።

«ተበስቶ ነው የሚለው?»

«ተበስቶ።»

«የት ይላል?»

ምስማሩን አስቀመጥኩ። ሄጄ ወረቀቱን እንደገና አነበብኩት። የት እንደሚበሳ አይልም።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልሸፍነው አልችልም። ሕግ ለመማር የሚመኝ ልጅ ነበርኩ፤ በመመሪያው ውስጥ የመጀመሪያውን ቀዳዳ አገኘሁ። ጀሪካኑን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ መመሪያው እንደሚለው። ከዚያ ከእጀታው ሥር፣ ትከሻው ላይ፣ አንዲት ቀጭን ቀዳዳ በሳሁ። ታጥቧል፣ ተበስቷል። የቀረው መቀበሩ ነው፤ «እሱን አንቺ ቅበሪው» አልኳት፣ ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ብዙ ነገር ጽፌያለሁ፤ በቃላት መሃል ባለ ክፍተት ውስጥ መግባት እንጀራዬ ሆኗል። የመጀመሪያው ድርሰቴ ግን ያ ነው፤ በምስማር የተጻፈ።

ወርቅነሽ ጀሪካኑን በነጠላዋ ሸፍና ይዛው ሄደች። ቅዳሜ ዕለት በአሸዋና በአመድ አጠበችው። የቢላ ጫፍ እሳት ላይ አግላ፣ ፌስታል አቅልጣ ቀዳዳዬን ደፈነችው። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ በዚያ አገር ሁሉም ሰው ያውቅበታል።

ሰኞ ሥራ አልገባችም። «ምች መቷታል» አሉ ሴቶቹ፤ «ዳማከሴ አሽተውላታል።» ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ቤቷ ሄድኩ። መደብ ላይ ተጋድማለች። ከንፈሯ ተልጧል፣ ምላሷ ነጭ ሆኖ ተቆራርጧል። ልጆቿን ውጪ ላከቻቸውና በሹክሹክታ ነገረችኝ። እሁድ ከጸሎት በፊት ውኃ ልትቀዳ ወርዳ ጠምቷት ነበር። ጀሪካኑን ሞልታ አነሳችና ከአፉ ጠጣች። መረራት። የተጎነጨችውን ዋጠች፣ የቀረውን ተፋች። ውኃውን ደፍታ ጀሪካኑን ቤት ውስጥ ጥግ አስቀመጠችው።

«ጤና ጣቢያ ሄድሽ?»

«ሄድኩ። ምን በላሽ፣ ምን ጠጣሽ አለችኝ ነርሷ። ትኩስ በቆሎ አቃጠለኝ አልኳት።» ከዚያ እጄን ያዘችኝ። «ስምህን አልጠራሁም። ከሥራ ያስወጡሃል። ውጤትህ ሳይመጣ።»

ያን ቀን «አንተ» ነው ያለችኝ። ቀልዱ እንዳለቀ የገባኝ በዚያ ነው።

እዚህ ላይ ተነስቼ እየሮጥኩ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚፈለግብኝ፤ «የአረም መርዝ ጠጥታለች።» አልሄድኩም። ወደ መጋዘኑ ተመልሼ ጀሪካን ስበሳ ዋልኩ፣ ከታች፣ አራት አራት ቦታ፣ አጥብቄ። ለራሴ ብዙ ምክንያት ሰጠሁት። ትንሽ ነው የጠጣችው፤ ተፍታዋለች፤ ከንፈር ይድናል። እሷ ደብቃልኝ እኔ ብናገር የሰጠችኝን መጣል ነው። አባቴ ምን ይላል? ረቡዕም እንዲሁ ዋለ። ምን ያህል በጥሩ አማርኛ ራሴን እንዳሳመንኩ ሳስታውስ፣ ጥሩ አማርኛ ከሚጽፍ ሰው ሁሉ መጠንቀቅ ይገባል እላለሁ።

ሐሙስ ጠዋት ወርቅነሽን በእርሻው ፒክአፕ ሚዛን ወዳለው ሆስፒታል ወሰዷት። መተንፈስ እያቃታት ነበር። ጋሽ ተክሉ መኪናው ሲወጣ ቆሞ አየ። ከንፈሯን አይቷል። ወደኔ ዞረ።

«ጀሪካን ሰጥተሃታል?»

«እኔ… በስቼዋለሁ።»

«የት በሳኸው?»

መዶሻውን ከመሬት አነሳሁ።

«የት በሳኸው ነው የምልህ!»

«ከላይ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ደግ ነበር። ክንዴን ይዞ ወደ ቤቷ ወሰደኝ። ጀሪካኑን ከጥግ አነሳው። ሰማያዊውን ክዳን ፈትቶ መሬት ላይ አስቀመጠና ጀሪካኑን እጀታው ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ ቀስ ብሎ አዘነበለው። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። በጣቱ እጀታውን ጠበጠበው። ያን ጊዜ ቡናማ ጠብታ ወጣና ክዳኑ ውስጥ ወደቀ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ።

«እጀታው ውስጡ ክፍት ነው» አለኝ። «ስታጥበው ውኃው አይደርስበትም። ሰው ሲጠጣበት ግን ይወርዳል። ለምን ከታች ብሳ የምልህ ይመስልሃል? ሰው ስለምጠላ ነው?»

ስለምን እንደሆነ አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ እያልኩ በእሱ ላይ ለማላከክ የሞከርኩበት ዘመን አለ። አይሠራም። «ውኃ የማይዝ ዕቃ» ብሎ ነግሮኛል። ከዚያ በላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ማታለል ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

በሚቀጥለው መኪና ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። ጋሽ ተክሉ ጀሪካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ አየ። «አንተ ተናገር» አለኝ።

«በዚህ… በመድኃኒት ጀሪካን ውኃ ጠጥታለች» አልኩ።

«መቼ?»

«እሁድ።»

ሐኪሙ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን አንብቦ ጨረሰና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ዛሬ ሐሙስ ነው። መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዛሬ» አልኩ።

ጋሽ ተክሉ ቀሪውን እንድጨምር ጠበቀኝ፤ ማን እንደሰጣት፣ እንዴት እንደበሳሁት። አልጨመርኩም። ሐኪሙ «ያን ዕለት ወይም በማግሥቱ ብትመጣ ኖሮ ምናልባት…» አለ። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ያ «ምናልባት» እስከ ዛሬ ከኔ ጋር ነው፤ ከትዳሬም ከሥራዬም ረዘም ላለ ጊዜ አብሮኝ ኖሯል።

ዘጠኝ ቀን ቆየች። ያ መርዝ አእምሮን አይነካም። ሳንባን ነው ቀስ እያለ የሚዘጋው፤ ሰውየው የሚሆነውን ሁሉ እያወቀ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የገባሁት። ማቴዎስ እግሯ ሥር ተቀምጧል። እጇን አንቀሳቀሰች፣ ጎንበስ አልኩላት።

«አንቺ ተማሪ… አስወጡሽ?»

«አላስወጡኝም።»

«ጎሽ» አለች።

የተቀበረችው ዝናብ እየዘነበ ነው። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ አፈር ሲሞሉ የነበሩት ሴቶች ሁሉ መጥተዋል። በመዝሙሩ መሃል ወሬው ከወዲያ ወዲህ ይመላለሳል። «ጋሽ ምስማር ነው የገደላት። አንድ ጀሪካን ነፍጓት ነው ሰርቃ የወሰደችው። ቢሰጣት አጥባ ትጠቀም ነበር።» እንዲህ አሉ፤ በሙሉ ልባቸው ነው ያሉት። በአንድ ቀን ወርቅነሽ ሌባ ሆነች፣ ጋሽ ተክሉ ገዳይ። እኔ ደግሞ ምን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ማቴዎስ ከመቃብሩ መልስ ሰው ሁሉ እያየ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ።

«አንተ ለሐኪሙ ባትናገር ምን እንደነካት ሳናውቅ ትሞትብን ነበር። እግዜር ይስጥህ።»

«አሜን» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል ብዬ ሳይሆን፣ አፌ ላይ የመጣው እሱ ስለሆነ።

በማግሥቱ መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ ተክሉን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ሰዉ ይህን ሁሉ ሲልህ ለምን አትናገርም?»

ምስማር እየቆጠረ ነበር። ቀና አላለም። «የምናገረው የኔ የሆነውን ነው» አለ። «ይሄ ያንተ ነው።»

ሪፖርት ጽፎ እንደነበር በኋላ ሰምቻለሁ፤ የራሱንም የኔንም ስም ጠርቶ፣ ጀሪካኑ የት እንደተበሳ ሳይቀር ገልጾ። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው አልነበረም፣ ወይም ያነበበው ሰው ደግ ነበር። ጋሽ ተክሉ ሠራተኛው ፊት ስለነሳው በዓመቱ ሥራውን ትቶ ወደ ማሻ መሄዱን፣ እዚያም መሞቱን ሰማሁ። እኔ ውጤቴ መጣ፤ አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። ስለ ፍትሕ፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ባለሥልጣን ጭካኔ ብዙ ጻፍኩ። አንባቢ ይወደኛል፤ ሁልጊዜ ከድሃው ጎን ነኝ።

ባለፈው ዓመት ከዚያ ሱቅ ወጥቼ ገበያው ዳር ደረስኩ። አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካን ደርድራ ትሸጣለች፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ። አንዱን ነጭ አንስቼ ገለበጥኩት። ቂጡ ደህና ነው፣ ትከሻው ደህና ነው።

«ይሄ ምን ነበረበት?»

«መድኃኒት ነበረ። ግን ታጥቧል አባቴ፣ አያስቡ።»

በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ የወርቅነሽን ትልቋን ልጅ ፍለጋ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ትኖራለች፤ አርባን እየተጠጋች ነው፣ ልጆች አሏት። ማቴዎስ ከሞተ ቆይቷል። ደጅ ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ወረቀቱን፣ ምስማሩን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን። ሠላሳ ዓመት ያረጀ ነገር ለመናገር የፈጀብኝ ዝናቡ አንዴ ጥሎ እስኪያባራ ነው። ስታዳምጥ ፊቷ አልተለወጠም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«እናቴ አልሰረቀችም ማለት ነው?»

«አልሰረቀችም። እኔ ነኝ የሰጠኋት።»

«እኔ እኮ የሌባ ልጅ እየተባልኩ ነው ያደግኩት» አለች። አልጮኸችም። ገብታ በሩን ዘጋች። ትንሽ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ምን እንደምጠብቅ ሳላውቅ፤ ከዚያ በጭቃው ተመለስኩ።

አሁን አዲስ መመሪያ እየወጣ ነው፤ ስለ ፌስታል፣ ስለ ፕላስቲክ፣ ስለ ባዶ ዕቃ። ጥሩ መመሪያ ይሁን መጥፎ አላውቅም፤ ቀዳዳም አይጠፋውም። ቀዳዳውን የሚያገኙት ደግሞ መጥፎ ሰዎች አይሆኑም። ያዘኑ፣ የወደዱ፣ ጎደሬ የበሉበትን እጅ ባዶ መመለስ ያቃታቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። የመርዝ ዕቃ በእጃችሁ ካለ፣ የምትወዷት ሴትም አንድ ብቻ ብላ ከለመነቻችሁ፣ እምቢ በሏት። ትጥላችሁ። በሕይወት ኖራ ትጥላችሁ።